ያልጮኸው ደወል፦ በ«ዘ አንድሮሜዳ ስትሬን» ላይ ለቀረበ ሂስ የተሰጠ ምላሽ

«ዘ አንድሮሜዳ ስትሬን» ስለተባለው የማይክል ክራይተን ሳይንሳዊ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ሰሞኑን የተጻፈውን ረዘም ያለ ሂስ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ያነበብሁት ከሥራ ወጥቼ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቡና አዝዤ እንደተቀመጥሁ ነበር፤ ሁለተኛውን ግን ቤቴ ገብቼ፣ ከዓመታት በፊት ከዚያው ሰፈር ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁትን ቅጂ ከጎኔ አድርጌ፣ የሂሱን እያንዳንዱን አንቀጽ ከመጽሐፉ ጋር እያመሳከርሁ ነው። ሐያሲው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ስሕተት የማይሠሩ ማሽኖች ናቸው፤ መጽሐፉ ከልብ ወለድ ይልቅ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ይመስላል፤ ሳይንሱ ተረት ነው፤ መጨረሻው አንባቢን ያታልላል፤ ደራሲው የአሜሪካን ጦር ያወድሳል፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ደግሞ አዲስ አበባ ላለ አንባቢ የሚነግረው ነገር የለም። ብዕራቸው የተባ መሆኑን አልክድም፤ ከነቀፌታቸውም የምቀበለው አለ። የማልቀበለው ግን ይበልጣል።

መጽሐፉ ላልደረሰው ሰው ታሪኩን ልንገር። አንዲት የአሜሪካ ጦር ሳተላይት ከጠፈር ተመልሳ በአሪዞና በረሃ፣ ፒድሞንት በምትባልና ሃምሳ ነዋሪ በማይሞላባት መንደር ትወድቃለች። መንደርተኛው ሳተላይቷን አንሥቶ ከከፈተ በኋላ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ የአብዛኞቹ ደም በሥሮቻቸው ውስጥ እንዳለ ደርቆ እንደ ዱቄት ሆኗል። የተረፉት ሁለት ናቸው፤ ጨጓራውን የሚያመው አንድ ሽማግሌና ለቅሶውን የማያቆም የሁለት ወር ጨቅላ። አራት ሳይንቲስቶች፣ ስቶን፣ ሌቪት፣ በርተንና ሐኪሙ ሆል፣ ኔቫዳ ውስጥ ከመሬት በታች አምስት ወለል ሆኖ ወደተሠራ ላቦራቶሪ ይገቡና ገዳዩን ተሕዋስ ያጠናሉ። ከላቦራቶሪው ሥር የአቶሚክ ቦምብ ተቀብሯል፤ ተሕዋሱ ካመለጠ ቦምቡ ማንንም ሳይጠይቅ መቁጠር ይጀምርና ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይፈነዳል፤ ማስቆም የሚችለው ቁልፉን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ ተጀምሮ የሚያልቀው በአምስት ቀን ነው።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ያስገረመኝን ላንሣ። ሐያሲው የሚጥል በሽታዋን ስለደበቀች «ሴት ሳይንቲስት» ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ፤ መንደሯን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያስቀምጧታል፤ ሐኪሙ ቦምቡን ለማስቆም መሰላል ሲወጣ የሚተኮስበት «የሌዘር ጨረር» እንደሆነም ይነግሩናል። በመጽሐፉ ሌቪት ወንድ ነው፤ የመጀመሪያ ስሙም ፒተር ነው። ፒድሞንት ያለችው አሪዞና ነው። በሐኪሙ ላይ የሚተኮሰውም ከላቦራቶሪ ያመለጠ እንስሳ ለመጣል የተዘጋጀ፣ ጫፉ መድኃኒት የተነከረ ትንሽ ቀስት ነው። ሴቷ ሌቪት፣ ኒው ሜክሲኮና ሌዘሩ የሚገኙት ሮበርት ዋይዝ እ.ኤ.አ. በ1971 ባዘጋጀው ፊልም ውስጥ ነው። (ውሎው ሜክሲኮ አደባባይ የሆነ ሰው ስሙ ቢደበላለቅበት አይፈረድበት ይሆናል።) ፊልሙን አይቶ ፊልሙን መተቸት ነውር የለውም፤ የፊልሙን ዕዳ መጽሐፉ እንዲከፍል ማድረግ ግን ሂስ አይባልም። ይህን የማነሣው ጸሐፊውን ለማሳጣት አይደለም፤ ቀጥሎ ከማነሣቸው ስሕተቶች የሚበዙት መጽሐፉ ላይ ብቻ ያለውን ነገር ከመዝለል የመጡ ስለሚመስሉኝ ነው።

ገጸ ባሕርያቱን በተመለከተ ግማሹን እቀበላለሁ። አራቱ ሰዎች ሲነጋገሩ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ስቶንን ከሌቪት በአነጋገሩ ብቻ ለይ ብባል እቸገራለሁ። ሴቶች ደግሞ ከነጭራሹ የሉም ማለት ይቻላል፤ ፊልም ሠሪው ሌቪትን ሴት ያደረገው ይህን ጉድለት አይቶ ይሆናል። ነገር ግን ሐያሲው ወደ ሌላ ነገር ተሻግረው ሰዎቹን «ስሕተት የማይሠሩ ማሽኖች» ይሏቸዋል፤ ይህ ከመጽሐፉ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው። በርተን ተሕዋሱን የደም መርጋት በሚከላከል መድኃኒት በተወጉ አይጦች ላይ ይሞክራል፤ አይጦቹ እንደ ሌሎቹ ይሞታሉ፤ እርሱም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ያልፋቸዋል። አንጎላቸውን ከፍቶ ቢያይ ኖሮ የሞቱት ደማቸው ረግቶ ሳይሆን አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ መሆኑን ያውቅ ነበር። ሌቪት የሚጥል በሽታ እንዳለበት ከተናገረ ከሥራው እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ይደብቃል፤ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት ፊት ተቀምጦ ተሕዋሱን ለማሳደግ የተዘጋጁትን ሳህኖች ውጤት ሲመለከት አእምሮው ለጥቂት ቅጽበት ይሄድበትና ተሕዋሱ ጨርሶ ያላደገበትን ሳህን ሳያየው ያልፋል። ሁሉም የሚፈልጉት መልስ ያለው እዚያ ሳህን ላይ ነበር። ደራሲው ገና በመግቢያው፣ በዚህ ጉዳይ የተካፈሉት ሰዎች ሁሉ ታላቅ ብልኅነት የታየባቸውም ሊገለጽ የማይችል ሞኝነት የታየባቸውም ጊዜ እንደነበራቸው ይናገራል። ይህን ያነበበ ሰው «ማሽኖች» የሚለውን ቃል ከየት እንደሚያመጣው አይገባኝም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ነቀፌታ የቁልፉ ጉዳይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ በአጣዳፊ ሰዓት ማን ይሻላል የሚለውን በቁጥር የሚያስቀምጥ ሲሆን ላገቡ ወንዶች 0.343፣ ላላገቡ ወንዶች 0.824 ይሰጣል። ቁልፉ ለሐኪሙ ለሆል የተሰጠውም ወንደላጤ በመሆኑ ነው። ሐያሲው ከዚህ ተነሥተው ደራሲው ትዳርን ይንቃል ይላሉ። እኔ ያነበብሁት ሌላ ነው። የሰውን ልብ እስከ ሺህኛው ክፍል ለክቻለሁ የሚል ሰንጠረዥ ሲቀርብልን፣ የምንታዘበው ትዳርን ሳይሆን ሰንጠረዡን ማመን የለመዱትን ባለሥልጣናት ነው። ያ ሁሉ ስሌት ምን አመጣ? ሰዓቱ ሲደርስ ባለቁልፉ ሆል የታሸገ ክፍል ውስጥ ተገኘ፤ ቁልፉ የሚገባበት ሳጥን ግን እዚያ አልነበረም። ወንደላጤ መርጠው በሩን ረሱት።

«ይህ ልብ ወለድ ሳይሆን ሪፖርት ነው» የሚለው ነቀፌታ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሐያሲው ጋር ያለን እውነተኛ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ የኮምፒውተር ወረቀት፣ ሠንጠረዥ፣ የግርጌ ማስታወሻና የምስጢር ሰነድ የመሰለ ገጽ የሞላበት መሆኑ እውነት ነው፤ መጨረሻው ላይ እንኳ የተፈጠረ የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር አለው። ሐያሲው ይህን «የልምድ ማነስ» ይሉታል። ክራይተን ያን ጊዜ በሃርቫርድ ሕክምና የሚማር ወጣት ነበር፤ በብዕር ስም ግን ጥቂት ልብ አንጠልጣዮችን አውጥቶ ነበርና ተራ ትረካ መጻፍ አቅቶት አይደለም። የሪፖርት ቋንቋ የመረጠው የሪፖርትን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። እኛም ጠባዩን እናውቀዋለን። «ተወስኗል»፣ «ተፈጽሟል»፣ «በተሰጠው አቅጣጫ መሠረት ተከናውኗል» የሚል ቃለ ጉባኤ ያነበበ ማንም ሰው፣ በእነዚያ ግሶች ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ ፈልጎ ማጣትን ይረዳል። ሪፖርት ሁሉ ነገር እንደተሟላ የሚናገርበት ድምፅ አለው፤ የዚህ መጽሐፍ ፍርሃት የሚመነጨው ያ ድምፅ አንዲት ቃል ሳያነሣና ሳይጥል ጥፋቱን ሲተርክ ነው።

ምሳሌውም ሐያሲው በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያለፉት የደወሉ ነገር ነው። ላቦራቶሪው ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በቴሌፕሪንተር፣ ማለትም ከሩቅ የተላከን መልእክት ወረቀት ላይ በሚያትም መሣሪያ ነው፤ አስቸኳይ መልእክት ሲመጣ መሣሪያው ደወል ይደውላል። ከወረቀቱ ጥቅል ጠርዝ የተላጠች አንዲት ቀጭን ስንጣሪ ደወሉና መምቻው መካከል ትገባለች። መልእክቶቹ ይመጣሉ፣ ይታተማሉ፣ ወለሉ ላይ ይከመራሉ፤ ደወሉ ግን አይጮኽም። ቴክኒሻኖቹ መሣሪያውን ሲፈትሹ ኤሌክትሮኒክሱን ይመረምራሉ፤ ደወሉን በዓይኑ ያየ የለም። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ፈስሶበት አምስት ወለል ወደ ታች የተቆፈረ ላቦራቶሪ የተደናቆረው በዚህች ስንጣሪ ነው።

ሐያሲው ይህን «የማይመስል አጋጣሚ» ብለውታል። እኔ በሙያዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የመሀል ከተማ ላቦራቶሪ ስሠራ የገጠመኝን ልንገራቸው። የሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ፍሪጃችን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለው ክልል ሲወጣ የሚጮኽ፣ በባትሪ የሚሠራ ማንቂያ ነበረው። በሩ ትንሽ ክፍት ከቆየ ይጮኻል፤ ናሙና ሲበዛ ደግሞ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሚውለው። አንድ የሌሊት ተረኛ ድምፁ ቢያስመርረው የድምፁን መውጫ በሕክምና ፕላስተር ለጠፈበት፤ ደርቦ ነው የለጠፈው። ፕላስተሩም ነጭ ፍሪጁም ነጭ ስለነበር፣ ከሳምንት በኋላ የዕቃው አካል መሰለን። ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ በደንቡ ተነሣ፤ የፍሪጁ መስመር ግን ከጄኔሬተሩ ጋር አልተገናኘም ነበር። ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ለብ ያለ አየር ፊቴን ነካኝ። በፍሪጁ በር ላይ በተንጠለጠለው የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ ግን የእሑድ ጠዋትም የእሑድ ማታም ሣጥን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «4» ተብሎ ተሞልቷል፤ ፊርማም አለው። የሰኞውን ሥራ ትተን ሪኤጀንት ስንጥል ዋልን። ማንቂያው ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ከፕላስተሩ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አድሮ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ነው የስንጣሪዋን ምዕራፍ ደግሜ ያነበብሁት።

ወደ ሳይንሱ ልለፍ። «ከጠፈር የሚመጣ ጀርም የሕፃናት ተረት ነው» የሚለው አነጋገር ከታሪክ ጋር አይስማማም። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969፣ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ከማረፏ በፊት ነው። ጠፈርተኞቹ ጁላይ 24 ቀን ሲመለሱ ከጨረቃ ተሕዋስ ይዘው መጥተው ከሆነ በሚል ስጋት፣ የሚያገል ልብስ ለብሰው ከመንኩራኩራቸው ወጡ፤ ሂዩስተን ውስጥ ለዚሁ በተሠራ ላቦራቶሪም እስከ ኦገስት 10 ተገልለው ቆዩ። ይህን የወሰኑት የልብ ወለድ አንባቢዎች ሳይሆኑ መንግሥትና ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ ማግለሉም የቀረው ከአፖሎ 14 በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ውል በዘጠነኛው አንቀጹ አገሮች ምድርን ከምድር ውጭ በሚመጣ ነገር እንዳይጎዱ ይጠይቃል። አስቂኙ ነገር ያ ማግለል ራሱ የክራይተን ምዕራፍ መምሰሉ ነው፤ ልብሱ ለጠፈርተኞቹ የተሰጣቸው መንኩራኩሯ ውቅያኖስ ላይ ከተከፈተች በኋላ ነበርና፣ ተሕዋስ ኖሮ ቢሆን ልብሱ እስኪለበስ አይጠብቅም።

የሁለቱ ሰዎች መትረፍም ሐያሲው እንዳሉት «ከኮፍያ የወጣ ጥንቸል» አይደለም። የጤነኛ ሰው ደም ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ይጠበቃል። ሽማግሌው ሜታኖል ያለበት የማቃጠያ አልኮል ይጠጣል፣ አስፕሪንም ያበዛል፤ ሁለቱም ደምን ወደ አሲድ ይወስዳሉ። ሕፃኑ ያለማቋረጥ በማልቀስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያስወጣ ደሙ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ሁለቱም የአንደኛ ዓመት የፊዚዮሎጂ ትምህርት ናቸው። በእውነቱ ሐያሲው ሊያነሡት ሲገባ ያላነሡት ድክመት ሌላ ነው፤ ተሕዋሱ የሚያድገው ከጤነኛው ክልልም በጠበበ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ከመንደርተኛው መካከል ምንም ሳይታመም በዚያች ሌሊት ደሙ ከክልሉ ወጣ ያለ ሌላ ሰው መትረፍ ነበረበት። ደራሲው ይህን ቀዳዳ ሳይደፍነው አልፏል።

«ፕሮቲን የሌለው፣ እንደ ክሪስታል ያለ ሕይወት አይታሰብም» የሚለው ግን ትንሽ የቸኮለ ነው። ሩቅ ሳንሄድ የእኛው ዳሎል አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በዳሎል አሲዳማና ጨዋማ ኩሬዎች ላይ ተቃራኒ ድምዳሜ አሳትመዋል፤ አንደኛው እጅግ ደቃቅ ተሕዋስ አገኘሁ ሲል፣ ሌላኛው እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት አላገኘሁም፣ ደግሞም ማዕድን ራሱ ሕዋስ መስሎ ሊታይ ይችላል ሲል አስጠንቅቋል። በዘመናችን መሣሪያ እንኳ የማዕድን ቅንጣትን ከሕያው ነገር መለየት ካከራከረ፣ በልብ ወለድ ውስጥ ያሉ አራት ሰዎች በአጉሊ መነጽር ባለ ስድስት ማዕዘን ክሪስታል አይተው «ይህ ሕያው ነው?» ብለው መጠየቃቸው ከሁሉ የሚታመነው ትዕይንት ነው።

መጨረሻውን አስመልክቶ ሐያሲው እንዲህ ይላሉ፤ ተሕዋሱ በራሱ ጊዜ ተለውጦ ሰው መግደል ያቆማል፤ ጀግኖቹ ያደረጉት ነገር የለም፤ ስለዚህ አንባቢው ተታልሏል። መለወጡ እውነት ነው። ግን ፍንጩ አስቀድሞ ተሰጥቶናል፤ ከፒድሞንት በላይ ሲበር የወደቀው የጦር ጄት አብራሪ ጎማና ፕላስቲኩ እየሟሟ መሆኑን በሬዲዮ ሲናገር እኛ ሰምተናል፤ ሳይንቲስቶቹ ግን ወሬው በጊዜው አልደረሳቸውም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሳይንቲስቶቹ መንደሯ በአቶሚክ ቦምብ እንድትመታ ጠይቀው ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ አዘገየው። መዘግየቱን ዘግይተው ሲሰሙ ይቆጣሉ። በኋላ ግን ይገለጥላቸዋል፤ ተሕዋሱ ኃይልን በቀጥታ ወደ አካሉ የሚለውጥ በመሆኑ ቦምቡ ቢጣል ኖሮ የሚሆነው ግብዣ ነበር። ያዳናቸው የእነርሱ ጥበብ ሳይሆን የተናደዱበት ዳተኝነት ነው። ይህን መራራ ነገር «ማታለል» ብሎ መጥራት፣ ደራሲው ለጀግኖቹ ያልሰጣቸውን ድል አንባቢው በግድ ካልተሰጠኝ ብሎ እንደመሟገት ነው። በዚያ ላይ ተሕዋሱ ጉዳት አልባ አልሆነም፤ ፕላስቲክ የሚበላ ሆኖ የላቦራቶሪውን ማሸጊያዎች ያሟሟል፣ ቦምቡን የሚያስነሣውም ይኸው ነው፤ በመጽሐፉ መዝጊያ ላይ ደግሞ ሰው የጫነች መንኩራኩር ወደ ምድር ስትመለስ እንድትቃጠል ያደርጋል። ሐያሲው ስለዚህ መዝጊያ አንድም ቃል አላሉም።

የሚስማሙኝ ግን የመሰላሉን ምዕራፍ ሲነቅፉ ነው። ሆል በቀስት እየተወጋ፣ እየደነዘዘ ሽቅብ ወጥቶ ቦምቡ ሊፈነዳ 34 ሰከንድ ሲቀረው ቁልፉን ያስገባል። አራት መቶ ሃያ ጊዜ ያየነው ሩጫ ነው። በወረቀት ስንጣሪ ያስፈራኝ ደራሲ በሰዓት ቆጠራ ሊያስፈራኝ መሞከሩ ቅር አሰኝቶኛል፤ እኔ አርታዒው ብሆን ያን መሰላል በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘው ነበር።

«የጦሩ አወዳሽ» የሚለው ብዙ አያቆየንም። ሳተላይቶቹ ወደ ጠፈር የተላኩት ለጦር መሣሪያ የሚሆን ተሕዋስ ፍለጋ መሆኑን የሚነግረን መጽሐፉ ራሱ ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ይህን ሲረዱ የሚሰማቸውንም ይነግረናል። ከመታተሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968፣ በዩታ ከጦሩ የነርቭ መርዝ ሙከራ ጋር በተያያዘ ስድስት ሺህ ያህል በጎች ረግፈው ነበር፤ ከታተመ ከወራት በኋላ ደግሞ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1969፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን አገራቸው ባዮሎጂያዊ የጦር መሣሪያን እንደምትተው አስታወቁ። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ሴራ መጻፍ ጦሩን ማወደስ ከሆነ፣ ወቀሳ ምን እንደሚመስል ሐያሲው ቢያሳዩን መልካም ነበር።

የቀረው «ለአዲስ አበባ አንባቢ የሚነግረው ነገር የለም» የሚለው ነው። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ሰሞን ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባሉት ሕንፃዎች በር ሁሉ ቧንቧ የተበጀለት ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ፤ ከዚያ የግንባር ሙቀት መለኪያ መጣ። ስታዲየም አካባቢ በየሳምንቱ ጉዳይ የነበረኝ አንድ ሕንፃ ነበር። ጥበቃው፣ በጣም ትሑት ሰው፣ መለኪያውን ግንባሬ ላይ ይደቅንና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብልኛል። አንድ ማለዳ «ሠላሳ ሦስት ነጥብ ስምንት፤ ይግቡ ጋሼ» አለኝ። «ወንድሜ፣ 33.8 ከሆንሁማ ሆስፒታል መግባት አለብኝ» ብለው ሣቀና ከኋላዬ ያሉትን ሴትዮ ለካ፤ እርሳቸው 34.1 ሆኑ። ትእዛዙ ከ37.5 በላይ የሆነውን መልስ የሚል ነበር፤ ስለ ታች የነገረው የለም። ቁጥሩን መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ እኛም ገባን።

ሐያሲው ፈቃዳቸው ከሆነ ቅጂዬን ላውሳቸው ዝግጁ ነኝ። ሽፋኑ ተቀዷል፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ደግሞ ስለ ወረቀቷ ስንጣሪ የሚናገረውን አንቀጽ በእርሳስ አስምሮበት፣ ከጎኑ «እኛም ጋ» ብሎ ጽፏል።